«የድሮው አይደለም»፦ ወሎ ላይ ነባር የኪነት ሥራ ሲታደስ ተመልካቹ ለምን ይከፋፈላል?

ደሴ ላይ አንድ የቆየ የኪነት ሥራ ታድሶ ወደ መድረክ ሲመለስ፣ ሰው ከአዳራሽ እየወጣ የሚያነሳው ክርክር ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው። አንዱ «የድሮው አይደለም፣ አበላሹት» ይላል። ሌላው «ኧረ ደስ ይላል፣ ምን ጎደለው?» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው ደግሞ ጭራሽ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል፦ «የዚያን ዘመን ዘፈን ዛሬ ማን ቆፍሩት አላቸው?» በማግስቱ ወሬው ወደ ፌስቡክና ቴሌግራም ይዞራል። ቲክቶክ ላይ የአንድ ደቂቃ ቁራጭ ይለቀቅና አዳራሽ ያልገባውም ሰው ፍርድ ይሰጣል።

ይህ ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የትውልድ ጠብ ተደርጎ ይቀርባል። አዛውንቱ ትዝታ ይፈልጋል፣ ወጣቱ ሞቅ ያለ ነገር ይፈልጋል፣ አለቀ። ግን ጠጋ ብሎ ለሰማው ሰው ሁሉም «የድሮው» ቢሉም የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው። አንዱ የካሴቱን ድምፅ ማለቱ ነው። ሌላው ልጅ ሆኖ ያየውን መድረክ። ሌላው ዘመኑን ራሱን። አዘጋጆቹ «እንደነበረ ይዘንላችሁ መጣን» ብለው ሲያስተዋውቁ ለሁሉም ቃል ገብተዋል። አብዛኛው ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ቃል ነው።

ኪነት ስንል

በሌላው ዓለም «ሙዚካል» የሚባለው የመድረክ ሥራ ታሪኩን በንግግር፣ በዘፈንና በውዝዋዜ እያፈራረቀ የሚተርክ ነው። ሙዚቃዊ ተውኔት እንለዋለን። የቆየ ሙዚካል ከዓመታት በኋላ በአዲስ አዘጋጅና በአዲስ ተዋንያን ሲቀርብ «ሪቫይቫል» ይሉታል። እዚህ ዳግም ዝግጅት እያልን እንቀጥል።

እኛ ዘንድ ቲያትርና ዘፈን ተለያይተው አያውቁም ማለት ይቻላል። የዮፍታሔ ንጉሤ ተውኔቶች ዜማ የገባባቸው ነበሩ። በ1927 የተመሠረተው ሀገር ፍቅርም ተመልካች ያፈራው ድራማውን፣ ዘፈኑንና ውዝዋዜውን አንድ ላይ እያቀረበ ነው። በየክፍለ ሀገሩ ግን መድረክን ለብዙ ሰው ያደረሰው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የመጣው፣ ዘፈንና ውዝዋዜ የሚያቀርበው የኪነት ቡድን ነው።

አሠራሩ ከታች ወደ ላይ ነበር። ቀበሌው የራሱን ቡድን ያቋቁማል። ቀበሌዎች እርስ በርስ ይወዳደራሉ። የተሻለው ወደ አውራጃ፣ ከዚያም ወደ ክፍለ ሀገር ይወጣል። ጎጃም ግሽ ዓባይ ነበረው፣ ጎንደር ፋሲለደስ፣ ወሎ ላሊበላ። ማሪቱ ለገሠና ዚነት ሙሀባ በላሊበላ የኪነት ቡድን ውስጥ ያለፉ ድምፃውያን ናቸው። ይህን ማወቁ ብቻ ሰው ስለዚያ ቡድን ሲያወራ ለምን ድምፁ እንደሚለወጥ ለመረዳት ይበቃል።

ቡድኑ ዘፈኑን ከየት አመጣው? አብዛኛውን ከሕዝቡ። ከሠርግ ቤት፣ ከአውድማ፣ ከአዝማሪ አፍ። ልብ መባል ያለበት ግን ይዞት ሲመጣ ምን እንዳደረገው ነው። ሠርግ ቤት ውስጥ ዘፈን መጀመሪያና መጨረሻ የለውም። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ የሰለቸው ይቀመጣል፣ ግጥሙ እንደ ሙሽራውና እንደ ዕለቱ ይለዋወጣል። ኪነቱ ይህን በደቂቃ ቆረጠው። ተቀባዮቹን በመስመር አቆመ። ለተወዛዋዡ አንድ ዓይነት ልብስ አለበሰ፣ እርምጃውን ቆጠረ። ግጥሙ ተጽፎ ተለማመዱት። አንዳንዱ ሥራ ጊታርና ሳክስፎን ታከለበት፣ ምክንያቱም በየክፍለ ሀገሩ ቡድኖች ከባህላዊው ክፍል ጎን ዘመናዊ ክፍልም ይኖር ነበር።

እንግዲህ ዛሬ «ዋናው» ተብሎ የሚጠራው ራሱ በጊዜው የታደሰ ሥራ ነበር። በዚያን ጊዜም «ይሄ የኛ አዘፋፈን አይደለም» ያለ ሽማግሌ በየአካባቢው ሳይኖር አይቀርም። ይህን ማስታወስ የዛሬውን ቅሬታ ውድቅ አያደርገውም። ቦታውን ግን ያሳየዋል።

ካሴቱ ያስለመደን ጆሮ

በ1970ዎቹ ካሴት በየቤቱ ገባ። በየሻይ ቤቱ፣ በየአውቶቡሱ ተሰማ። የመድረኩ ዝግጅት አንድ ምሽት ታይቶ ሲያልፍ ካሴቱ ለዓመታት ተደጋገመ። ብዙው ሰው እጅ ላይ የቀረው ድምፁ ነው። ምስል ካለም የቴሌቪዥን ቁራጭ ነው።

ይህ በተመልካቹ ላይ ያደረገው ነገር ቀላል አይደለም። ሰው ዘፈኑን ከነትንፋሹ ያውቀዋል። ድምፃዊቷ የት ጋ ቃሏን ሳብ እንደምታደርግ፣ ማሲንቆው የት ጋ ብቻውን እንደሚቀር በቃሉ ይዞታል። አዲሷ ዘፋኝ ያንኑ ስንኝ ግማሽ ሰከንድ አስቀድማ ስትጀምረው ጆሮው ይደነግጣል። ዘፋኟ አልተሳሳተችም። በቀጥታ የሚዘፈን ዘፈን እንዲያ ነው። የመጀመሪያዋ ዘፋኝ ራሷ በሁለት ምሽት ሁለት ዓይነት ልትዘፍነው ትችል ነበር። ካሴቱ ግን አንዱን መርጦ አስቀረውና እርሱ «ትክክለኛው» ሆነ።

ዕድሜንም እንቁጠር። ደርግ የወደቀው በ1983 ነው። ዛሬ የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው የላሊበላን ቡድን በደርግ ዘመን መድረክ ላይ አይቶ ሊያስታውስ አይችልም። ሆኖም «የድሮው አይደለም» ከሚሉት መካከል በዚህ ዕድሜ ያሉ ብዙ ናቸው። እነዚህ የሚሟገቱት ለእናትና ለአባታቸው ቴፕ ነው። ክርክሩን የወጣትና የአዛውንት ብቻ አድርጎ ማየት የማያስኬደው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ኪቦርዱና ማሲንቆው

በአማርኛ ሙዚቃ በዋናነት አራት ቅኝቶች (ዜማ የሚሠራባቸው የድምፅ ስልቶች) ይጠቀሳሉ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ። ከአራቱ ሁለቱ ስማቸውን ከወሎ ቦታዎች ጋር ይጋራሉ። ባቲ ከተማ ናት። አምባሰል ተራራም ወረዳም ነው። ስለዚህ ቅኝት ሲበላሽ እዚህ አገር ጉዳዩ የሙዚቀኞች ብቻ ሆኖ አይቀርም። ሰው የሰፈሩ ስም የተነካ ያህል ይሰማዋል።

ቅሬታው ቴክኒካዊ መሠረትም አለው። የኪቦርድ ድምፆች ፋብሪካ ውስጥ በእኩል ርቀት ተለክተው የተቀመጡ ናቸው። የማሲንቆ ተጫዋች ግን ድምፁን በጣቱ ፈልጎ ነው የሚያገኘው። ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል፣ ያንሸራትተዋል። ኪቦርዱ መሪ ሲሆን ዘፋኙም ማሲንቆውም ለእርሱ ይገዛሉ። በተለይ አንቺሆዬ ላይ ይህ ቶሎ ይሰማል። «ጨው የለውም» የሚለው አድማጭ ስሙን ባይጠራውም የሚለው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው የምት ጉዳይ ነው። ከበሮ የሚመታ ሰው ተወዛዋዡን እያየ ነው የሚመታው። እስክስታው ሲግል ያፋጥናል፣ ሲደክም ይጠብቃል። በማሽን የተሞላ ምት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው። ለወጣት ተወዛዋዥ ይህ ይመቻል፣ ምክንያቱም እርምጃው አይዛነፍበትም። በስልክ ለሚቀረጽ ቪዲዮም ይሻላል። ለቀደመው ተመልካች ግን መድረኩ ላይ ያለው ሰውና ድምፁ ተለያይተው የሚሄዱ ይመስለዋል።

ከዚህ ጀርባ ገንዘብም አለ። አንድ ኪቦርድ የሦስት አራት ሰው ሥራ ይሠራል። በጀቱ ለጠበበ ቡድን ይህን አትጠቀም ማለት ከሩቅ ሆኖ ቀላል ነው።

ማንም የማይከራከርበት ነገር ቢኖር ፕሌይባክ ነው። አስቀድሞ የተቀዳ ድምፅ ተከፍቶ ዘፋኙ አፉን ብቻ ሲያንቀሳቅስ ማለት ነው። ለስብሰባ መክፈቻ ይለፍ ይሆናል። ነባር ሥራን አድሰናል ብሎ ቲኬት ለሸጠ ዝግጅት ግን አይሆንም። እዚህ ላይ የስልሳ ዓመቱም የሃያ ዓመቱም ሰው አንድ ናቸው። ተመልካች የፕሌይባኩን ነገር ካወቀ በኋላ ጭብጨባው የጨዋነት ጭብጨባ ብቻ ይሆናል።

ግጥሙ ይቅር ወይስ ይሁን?

ከሁሉም ከባዱ ይህ ነው።

የኪነት ቡድኖች የመንግሥት ነበሩ። ስለ ፍቅርና ስለ አገር ቢዘፍኑም ስለ ዘመቻም ዘፍነዋል። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር መድረኩ «ተማሩ» አለ። ሰፈራ ሲመጣ፣ ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ መድረኩ ከመንግሥት ጎን እንዲቆም ይጠበቅ ነበር። ሥራውን ዛሬ ለሚያድስ አዘጋጅ ጥያቄው ግልጽ ነው። ዜማው የሕዝብ ነው፣ ግጥሙ ግን የዘመኑን መፈክር ይዟል። ምን ይደረግ?

አንደኛው ወገን ቁረጡት ይላል። ምክንያቱ ክብደት አለው። መስከረም 1977 የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት አዲስ አበባ ላይ በታላቅ ድምቀት ሲከበር፣ ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ የነበረችው ኮረም ረሃብተኛው የሚያልቅባት መጠለያ ነበረች። ከወሎ ብዙ ሕዝብ በሰፈራ ወደ ደቡብና ምዕራብ የተወሰደውም በዚያው ጊዜ ነው። ልጁ በቀይ ሽብር የተገደለበት፣ ወንድሙ ሰፈራ ሄዶ የቀረበት ሰው ዛሬም አዳራሹ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። ለዚህ ሰው የዘመቻ ግጥም ታሪካዊ ቅርስ ነው ብሎ ማስረዳት ይከብዳል።

ሁለተኛው ወገን እንዳለ ይቅረብ ይላል። ይህም ዝም ብሎ የደርግ ናፍቆት አይደለም። መፈክሩ ሲቆረጥ የሚቀረው ሁሉም ነገር ደስ የሚልበት ወሎ ነው። ለምለም መስክ፣ ቆንጆ ልጅ፣ እስክስታ። ዘፈኑ የተፈጠረበት ችግር ይጠፋል። ያኔ መድረኩ ላይ የነበሩት ወጣቶች ምን ተብለው ምን እንደዘፈኑ፣ ዜማውን እንዴት ከመፈክሩ በላይ እንዳቆዩት ለአሁኑ ልጅ አይታየውም። አገር በናፍቆት ብቻ ሲታይ ሥራው ቀለም ብቻ ሆኖ ይቀራል የሚል ስጋት ነው።

ሦስተኛ መንገድም በተግባር ይታያል፦ ዜማውን ይዞ አዲስ ግጥም መጻፍ። አብዛኛው አዘጋጅ የሚመርጠው ይህን ነው። ችግሩ አዲሱ ግጥምም ብዙ ጊዜ የወቅቱን መልእክት ይዞ መምጣቱ ነው። ልማት፣ ሰላም፣ ቱሪዝም። ተመልካቹ ደግሞ አይሞኝም። የድሮውን መፈክር አውጥታችሁ የአሁኑን ከተታችሁ ይላል። ከሦስቱ ውስጥ ተመልካችን የማያከብር የሚመስለኝ ይኸኛው ነው፣ በተለይ ለውጡ ሳይነገረው ሲቀር። አንድ ሰው ከዝግጅቱ በፊት ወጥቶ «ይህ ስንኝ እንዲህ ነበር፣ እኛ በዚህ ምክንያት ቀይረነዋል» ቢል ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከቅሬታው ግማሹ እዚያው ያልቅ ነበር።

የደስታ ዘፈን ራሱ ከ2014 በኋላ ሌላ ክብደት ይዟል። በጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ተይዘው ሲለቀቁ የደሴው ሙዚየም ተዘርፎ ነበር የተገኘው። አንዳንዱ ተመልካች አዳራሽ የሚገባው ከጠፋው ነገር አንዱን እንኳ በቦታው ለማግኘት ነው። ይህን ይዞ የመጣ ሰው ልብሱ ወይም ከበሮው ሲቀየርበት የሚቆጣው ከመጠን በላይ የሚመስለው ለዚህ ነው።

የማን ወሎ?

የድሮው ወሎ ክፍለ ሀገር ሰፊ ነበር። ራያና ዋግ፣ ባቲና ከሚሴ፣ አውሳም በውስጡ ነበሩ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አፋርኛ፣ አገውኛና ትግርኛ የሚነገርበት አገር ነው። የክፍለ ሀገሩ ቡድን ከየአቅጣጫው አንድ አንድ ዘፈንና አንድ አንድ ውዝዋዜ ይዞ «ወሎ» ብሎ ያቀርብ ነበር።

ዛሬ አስተዳደሩ ሌላ ነው። ሰሜን ወሎ፣ ደቡብ ወሎ፣ ዋግ ኽምራ፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር። አውሳ አፋር ክልል ነው። ያንኑ የድሮ መርሐ ግብር እንዳለ ስታቀርበው አንዱ «የኛን ለምን ጨመራችሁት?» ይላል፣ ሌላው «የኛን ለምን ቀነሳችሁት?» ይላል። የራያው ውዝዋዜ ላይ የሌላ አካባቢ ቀሚስ ከተለበሰ ቅሬታው በዚያው ሌሊት ይጀምራል።

ሃይማኖትም አለ። የመንዙማ ዜማና የድቤ አመታት የወሎ ድምፅ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ወደ ዘፈን መድረክ ሲገባ ግን ክብሩ ዝቅ እንዳለ የሚያዩ አሉ። ወሎን ያለ መንዙማ ማሳየት ግማሹን መደበቅ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ከመውደድ የመጡ ናቸው። አንድ ደንብ አውጥቶ የሚቋጭ ጉዳይ አይመስለኝም።

ጭብጨባ እንዴት ይነበባል?

አዘጋጆች «ሕዝቡ በጣም ወዶታል» ሲሉ ማስረጃቸው ብዙ ጊዜ ጩኸቱ ነው። ይህ ያሳስታል። ወሎ ውስጥ ዘፈን የሚሰማ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። አዝማሪ ቤት «ተቀበል» ብሎ ግጥም የሚሰጠው ተመልካቹ ነው። አዳራሽም ይህንኑ ልማድ ይዞ ይገባል። እልል ይላል፣ ያፏጫል፣ ከመቀመጫው ትከሻውን ይነቀንቃል፣ ወጥቶ ግንባር ላይ ብር ይለጥፋል። ይህ የጨዋታው ክፍል ነው። ዝግጅቱን በሙሉ ወደደው ማለት ግን ላይሆን ይችላል። ለአንዲት ስንኝ እልል ያለ ሰው ሲወጣ «ቅጥ የለውም» ሊል ይችላል።

ዝምታም እንዲሁ ነው። አንዳንድ ትዝታ ላይ አዳራሹ ጸጥ ሲል አዘጋጁ ይደነግጣል። ሰው ግን እያለቀሰ ሊሆን ይችላል።

ማን እንደተቀመጠም ይወስናል። በነፃ ጥሪ በሞላ አዳራሽ የፊት ረድፉ የቢሮ ኃላፊ ነው። ያጨበጭባል፣ ይሸለማል፣ ፎቶ ይነሳል። ቲኬት ቆርጦ የገባ ሰው ምላሽ ሌላ ነው። በዚያ ላይ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ አማራ ክልል ውስጥ ያለው ግጭት መንገዱንም ምሽቱንም አጥብቧል። ከወልዲያ ወይም ከመርሳ ተነስቶ ለአንድ ዝግጅት ደሴ መምጣት እንደ ድሮው አይታሰብም። «የወሎ ሕዝብ እንዲህ አለ» የሚባለው ብዙ ጊዜ የደሴ ከተማ ሰው ያለው ነው። የቀረው ወሎ የሚያየው የስልክ ቁራጩን ነው። ቁራጩ ደግሞ ወይ በጣም የሞቀውን ወይ በጣም የተበላሸውን ደቂቃ ነው የሚያሳየው።

ከሌላ አገር አንድ ነገር

ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስል አንድ የውጭ ሥራ እንጥቀስ። «ኦክላሆማ!» የተባለው የአሜሪካ ሙዚካል ኒው ዮርክ ላይ የቀረበው በ1943 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ብርሃን የበዛበት የገጠር ፍቅር ታሪክ ተደርጎ ለትውልድ ተላለፈ። በ2019 እዚያው ኒው ዮርክ በዳግም ዝግጅት ሲቀርብ አዘጋጁ ንግግሩንና ዘፈኑን ከሞላ ጎደል እንዳለ ተወው። ሙዚቀኞቹን ግን ወደ ሰባት ቀነሳቸው፣ መብራቱን አጨለመው፣ ታሪኩ ውስጥ ሁልጊዜም የነበረውን ጠመንጃና ዓመፅ ፊት ለፊት አመጣው። ዝግጅቱ የዓመቱን ምርጥ የዳግም ዝግጅት ሽልማት ወሰደ። ወደ ሌሎች ከተሞች ሲዞር ግን ልጅነቱን ፈልጎ የገባው ተመልካች ቅር ተሰኘ፣ መሐል ላይ ጥሎ የወጣም ነበር።

ለወሎ የሚጠቅመው ነጥብ አንድ ነው። እዚያ ቃሉ አልተነካም፣ ሆኖም ሰው «የድሮው አይደለም» አለ። ቃሉን መጠበቅ ብቻውን ተመልካቹን አያስማማም። ልዩነቱ እዚያ የተጻፈ ድርሰትና ኖታ አለ። የተቀየረው ምን እንደሆነ ማንም ሰው አስተያይቶ ማወቅ ይችላል። የእኛ የኪነት ሥራ በአብዛኛው በአፍ፣ በካሴትና በቀድሞ አባላት ትዝታ ነው ያለው። ክርክሩ የሚረዝመውም ማስተያያ በመታጣቱ ነው።

ምን ሊከተል ይችላል?

ቅሬታው ሲበዛ ቡድኖች ሁለት ነገር ሊያደርጉ ይችላሉ። አንዱ ፈርቶ ማፈግፈግ ነው። ነባሩን ሥራ ይተዉና ለስብሰባ መክፈቻና ለበዓል የሚሆን የአሥር ደቂቃ ጭፈራ ይዘው ይቀጥላሉ። ይህ ቀላሉ መንገድ ስለሆነ የመከሰቱ ዕድል ሰፊ ነው። ሌላው ሥራውን በሁለት መልክ ማቅረብ ነው። አንድ ምሽት በማሲንቆ፣ በዋሽንት፣ በክራርና በከበሮ፣ የቀድሞ አባላት አማካሪ ሆነው፣ ግጥሙ ከነማብራሪያው። ሌላ ምሽት በወጣቶቹ አቀናባበር፣ «አዲስ ነው» ተብሎ በግልጽ። ገንዘብ ይጠይቃል፣ ግን ተመልካቹ ምን ሊያይ እንደመጣ አውቆ ይገባል።

የመብት ጥያቄም እየቀረበ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ሥራው ተዛብቶ እንዳይቀርብ የመቃወም መብትም አለው። የኪነት ሥራ ላይ ግን ደራሲው ማነው? ዜማው የሕዝብ፣ ግጥሙ የቡድን፣ ቀጣሪው መንግሥት። እስካሁን ዝግጅቶቹ ትርፍ ስለሌላቸው ጥያቄው ተድበስብሶ አልፏል። ቪዲዮው ዩቲዩብ ላይ ተጭኖ ብር ማምጣት ሲጀምር ግን የቀድሞዋ ዘፋኝ «የኔ ድርሻስ?» ማለቷ አይቀርም። ቡድኖቹ ያኔ የሚያሳዩት ወረቀት ያስፈልጋቸዋል። አሁን አብዛኛው የላቸውም።